ቀሪው ገጽ የታለ?

ለወሎ ዩኒቨርሲቲ አመራር፣ መምህራንና ተማሪዎች
ደሴ እና ኮምቦልቻ

ግልባጭ፦ ለሁለቱ ከተሞች ነዋሪ

ጉዳዩ፦ የቆሎ መጠቅለያ ይዞ ስለመጣ ሰው

እንኳን ለ2018 የትምህርት ዘመን አደረሳችሁ። ለነባሩም ለአዲሱም ተማሪ፣ ለመምህሩም ለጥበቃውም።

እኔ ደሴ ላይ፣ ተማሪ በእግሩ በሚደርስበት ቦታ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ፣ ላሚኔሽን፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጉርድ ፎቶ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ዲግሪ የለኝም። ግን የእኔን ያህል የመመረቂያ ጽሑፍ በእጁ ያለፈ ሰው በከተማው ብዙ ያለ አይመስለኝም። አንብቤያቸው አይደለም። ገጽ እየቆጠርኩ፣ ጠርዝ እያስተካከልኩ ነው። ሰው ግን ሺህ ገጽ ሲቆጥር አንድ ሁለቱ ዓይኑ ውስጥ መግባቱ አይቀርም።

ወቅቱ የሪፖርት ነው። በዚህ ሰሞን ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ስንት ትምህርት ክፍል ከፈትን፣ ስንት ሕንጻ ጨመርን፣ ስንት ተማሪ ተቀበልን ይላል። ይበል፤ ተሠርቶ ነው። እኔም ከማሽኔ ጀርባ ቆሜ ያየሁትን ዕድገት ላውራና፣ ከዚያ አንድ ነገር ልለምናችሁ።

ደሴ ትምህርት ቤት አጥታ አታውቅም። ወይዘሮ ስኂን አለ፣ መምህር አካለወልድ አለ፣ ሆጤ አለ። የመምህራን ኮሌጅም ነበረን። ዲግሪ ግን ሻንጣ ማሰር ይጠይቅ ነበር። አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሐረማያና ጅማ የደረሰው ልጅማ ለክረምት ካልሆነ አይታይም። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት በአንድ ጊዜ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያቋቁም ነው ለወሎም አንዱ የደረሰው።

ከዚያ ወዲህ ሻንጣው ወደዚህ መምጣት ጀመረ። ከወላይታ፣ ከጅግጅጋ፣ ከጋምቤላ የተነሳ ልጅ ደሴ መናኸሪያ ይወርዳል። የጥቅምት ብርድ ደግሞ ደሴ ላይ ሌላ ነው። ያለነው ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያለው ሰው ጦሳ ተራራ ሥር ያደረ ይመስለኛል። በቲሸርት የወረደው ፍሬሽ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሬጅስትራር የት እንደሆነ አይደለም፤ ሰልባጅ የት እንደሚሸጥ ነው። ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተመደበው ግን የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ጃኬቱን ያወልቃል። አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት አየር። እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ለሚማር ልጅ በደርግ ጊዜ የተተከለ ፋብሪካና በ2009 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያው ጎረቤቱ ናቸው። ደሴ ሆስፒታል ስትገቡም ነጭ ገዋን ለብሰው ከሐኪሙ ኋላ የሚከተሉት ልጆች የእናንተ ናቸው። እናቴ ተኝታ በነበረ ጊዜ አምስት ሆነው ከብበዋት፣ «ኧረ አብሽሩ፣ አልሞትኩም!» ብላ አስቃቸዋለች።

የእኔ መለኪያ ግን ቶነር ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሥራዬ ሃንድአውት ነበር። የክፍሉ ተጠሪ አንድ ዋና ቅጂ ያመጣል፣ እኔ ስልሳ አወጣለሁ፣ አለቀ። ኋላ የዲግሪ መመረቂያ ጽሑፍ መጣ፤ በስፓይራል ጠርዤ እሰጣለሁ። ከዚያ ማስተርሱ መጣ። ማስተርስ ጥቁር ወፍራም ልባስ ይፈልጋል፤ ላዩ ላይ በወርቃማ ቀለም ስምና ርዕስ። ያኔ ወርቃማውን የሚያትም ማሽን አልነበረኝም። ጽሑፉን በካርቶን አስሬ፣ ለአውቶቡስ ረዳት አደራ ብዬ አዲስ አበባ እልከው ነበር። አንድ ጊዜ ካርቶኑ ከደሴ የሄደ ማር ጋር ተጭኖ፣ ሦስት የማስተርስ ጥናት ማር ልሶ ተመለሰ። ባለቤቶቹን እንዴት እንደለመንኳቸው እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ወርቃማውን እዚሁ እናትማለን። እንግዲህ ስለ ዕድገት ከጠየቃችሁኝ፣ ለእኔ ዕድገት ይሄ ነው፤ ካርቶኑ አዲስ አበባ መሄድ አቆመ።

ስለ 2014 ብዙ አልልም። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ገባ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሁለቱም ከተሞች የሆኑትን ሆኑ። ዩኒቨርሲቲው ተዘረፈ፣ ተሰባበረ። የእኔም ቤት ሁለት ማሽን ተወስዶ፣ የቀረው ወረቀት ተበትኖ አገኘሁት። በዚያው ዓመት ተማሪ ሲመለስ ያየሁ ጊዜ፣ አንዱ መጥቶ «ጋሼ፣ ኮፒ ጀመራችሁ?» ሲለኝ፣ ማሽን የሌለኝ ሰው «አዎ» ብዬ መለስኩ። ሪፖርታችሁ ላይ ሕንጻ ስትቆጥሩ፣ ያን ዓመት በባዶ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያስተማረውን መምህርም ቁጠሩልኝ።

አሁን ደግሞ የተማሪው ቁጥር ነገር አለ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ነው። ግማሽ ላላመጡት የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት፣ ሬሚዲያል፣ ባይኖር እኔም ሱቄን ዘግቼ ነበር። በሌላው ጫፍ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ ተመራቂ የሚፈተነው የመውጫ ፈተና አለ። ስለዚህ «ይህን ያህል ሺህ ተቀበልን፣ ይህን ያህል ሺህ አስመረቅን» እያሉ ማደግ እንደ ድሮው የሚሆን አልመሰለኝም። እንግዲያው በምን ይታደግ? የኮፒ ቤት ሰው ይህን መጠየቁ ድፍረት ከሆነ ይቅርታ። የጠየቀው ግን እኔ አይደለሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ዲፌንስ፣ ማለትም ጥናቱን መምህራን ፊት የሚያስረዳበት ቀን፣ ሲደርስ ተማሪ አምስት ቅጂ ያሳትማል። አሳትሞ ሲጨርስ አድቫይዘሩ የገጽ ቁጥር ተሳስቷል ይለዋል። ወይ እኔው ቀለሙን አበላሸዋለሁ። የተበላሸው ገጽ ይከመራል። እኔም ቆሎ ለምትሸጠው ጎረቤቴ እሰጣታለሁ። እሷ አራት ቦታ ቆርጣ፣ እንደ ቀንድ ጠቅልላ፣ ሱፍ ያለበት የገብስ ቆሎ ትሞላበታለች። ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው የምንኖረው። ነውር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ፣ ጋቢ የደረበ ሰው ልጁን አስከትሎ ገባ። ከሰኞ ገበያ እየተመለሱ ነው። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ቢሆን ነው።

«ይቺ ወረቀት ካንተ ቤት የወጣች ናት አሉኝ» አለኝ።

«ከየት አገኟት ጋሼ?»

«ቆሎ በልቼባት ነው።»

ዘረጋት። ዘይት ጠጥታለች። ግን ቀለሟ አልጠፋም፤ የደሴ ካርታ ናት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ቀዩ ከመስመሩ ትንሽ ወጥቷል፤ የእኔ ማሽን ጥፋት ነው። ልጁ በጣቱ አንድ ቦታ ነካ። የሰፈራቸው ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። ሰፈሩን እዚህ አልጠራውም፤ የሰው ቤት ዋጋ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ስሙ ያረፈው ቀዩ ላይ ነው። ከጎን ደግሞ የቀለሞቹ መፍቻ አለ። ልጁ አነበበልን፤ «ቬሪ ሃይ»።

«በጣም ከፍተኛ ማለት ነው» አለ ለአባቱ።

ሰውየው ፊቱ በራ። «ይኸው! የቦታ ደረጃ ወጥቶልን ኖሯል። አንደኛ ደረጃ ሆነን ማለት ነዋ?»

ምን እንደምል ጠፋኝ። የጥናቱን ርዕስ አስታውሳለሁ፤ አምስቴ ጠርዤዋለሁ። ደሴ ገደል አፋፍ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። በላይ ጦሳ፣ በታች የቦርከና ወንዝ፣ ክረምቱ ደግሞ የሚታወቅ ነው። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ መሄድ ይወዳል። በዚህ ላይ ጥናት የሚሠራ ተማሪ ሳይመጣ የሚያልፍ ዓመት የለም።

«ጋሼ፣ ይሄ የመሬት መንሸራተት ካርታ ነው። ከፍተኛ ያለው አደጋውን ነው» አልኩት።

ዝም አለ። ወረቀቷን እንደገና አየ። ቤቱን የሚፈልግ ይመስል ፊቱን ወደሷ አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«እሺ። ቀሪው ገጽ የታለ? ምን አድርጉ ይላል?» አለኝ።

ክቡራን፣ ይህ ደብዳቤ የዚያ ሰው ጥያቄ ነው።

ቀሪው ገጽ እኔ ጋ አልነበረም። ጥናቱን የሠራው ልጅ ተመርቆ ሄዷል። ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ፤ ሁሌም አጠፋለሁ። ለምን መሰላችሁ? በእኛ ሥራ ውስጥ ጥናት የሚሸጥ አለ። ያምና ተማሪ ትቶት የሄደውን ፋይል አውጥቶ፣ የቀበሌውን ስም ቀይሮ ለዘንድሮው የሚሸጥ። እኔንም «ጋሼ፣ ስለ መስኖ የተሠራ አለህ? ስሙን ብቻ ነው የምቀይረው» ያለኝ ልጅ አንድና ሁለት አይደለም። እንጀራ ነው ብለው የገቡበትን አልፈርድባቸውም ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ እፈርድባቸዋለሁ። ለዚህ ነው ልጁ ከፍሎ ሲወጣ የምሰርዘው። ያን ቀን ግን መሰረዜ ቆጨኝ።

ሰውየው የጠየቀው ገጽ ደግሞ መኖሩን አውቃለሁ። እያንዳንዱ ጥናት አምስተኛ ምዕራፍ ላይ ምክረ ሐሳብ አለው። ስጠርዝ የመጨረሻውን ገጽ እያየሁ ነው የምጨርሰው፤ ስለዚህ ከሁሉም ደህና አድርጌ የማውቀው ምዕራፍ አምስትን ነው። ምክረ ሐሳቡ ሰው ስም ጠርቶ ይናገራል። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ያድርግ ይላል። ገበሬው ይህን ይተው፣ ነዋሪው ከገደሉ ጫፍ ይራቅ፣ የውኃ መውረጃውን አይዝጋ ይላል። ነዋሪውን ነው የሚያናግረው። የሚያናግረው ግን በእንግሊዝኛ፣ በጥቁር ልባስ ውስጥ ሆኖ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነው። ከተማው ውስጥ ወጥቶ ያየሁት የጥናት ገጽ ቢኖር በቆሎ ሻጯ በኩል የወጣው ብቻ ነው። እሱም ተበላሽቶ፣ እሱም ሩቡ።

አትሠሩም እያልኩ አይደለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ ማስተማር፣ መመራመርና ማኅበረሰብ ማገልገል ብሎ እንደሚያዛችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ዎርክሾፕ ታዘጋጃላችሁ፤ ባጁን እኔ ነኝ ላሚኔት የማደርገው። ግን ዎርክሾፕ ላይ የሚገባው ባጅ ያለው ሰው ነው። ጋቢ የደረበው ሰውዬ ባጅ የለውም።

ርዕሶቹን ብታዩ ደግሞ ይቆጫችኋል። ስለ ሐይቅ ዓሣ ጠርዣለሁ። ስለ ቦሩ ሜዳ ድንች፣ ስለ ንብ፣ ስለ ባሕር ዛፍ። ስለ መንዙማ የሠራ ልጅ ግጥሞቹን በዓረብኛ ፊደል ከተጻፈ የአማርኛ መጽሐፍ ገልብጦ አምጥቶ፣ ፊደሉ ማሽኔ ላይ እየተዘበራረቀ ሁለት ሌሊት አብረን አድረናል። ከኮምቦልቻ የእህቴ ልጅ ይዞልኝ የሚመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የውኃ ነው። ሌዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ቦርከና ይገባሉ፤ ቦርከና አዋሽ ይገባል። በዚህ ላይ የተሠራ ጥናት ብዙ ነው። እህቴ የምትኖረው ከዚያው ውኃ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ጎመኗን የምትገዛው ከዳር ዳሩ ከሚያለሙት ሰዎች ነው። ልጇ ያጠናውን አታውቅም። «ምን ሠራህ?» ስትለው «ሄቪ ሜታል» ብሏት፣ ውኃው ውስጥ ያለውን መርዛማ ብረት ማለቱ ነው፤ እሷ ግን ብየዳ የተማረ መስሏት ነበር።

ልመናዬ ትንሽ ነው። ተመራቂ ሁሉ ጥናቱን ሲያስረክብ ሁለት ገጽ በአማርኛ ይጨምር። ምን ጠየቅሁ፣ ምን አገኘሁ፣ ምን ይደረግ። ሁለት ገጽ ብቻ። ቃሉ እናቱ የምትሰማው ይሁን። ለከሚሴና ለባቲ የሚሆነው በኦሮምኛም ይጻፍ። አድቫይዘሩ አይቶ ይፈርምበት፤ የተማሪ ጥናት ሁሉ ወንጌልም ቁርአንም አይደለም፤ ይሳሳታል። እንደዚያ ካርታ ሰው የሚያስደነግጥ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይየውና፣ ከዚያ ምን ማድረግ እንዳለብን አብሮ ይነገረን። ሰውየውን አደጋ ላይ ነህ ብሎ መሸኘት ምን እንደሚመስል እኔ አይቼዋለሁ፤ ደግ ነገር አይደለም።

ከዚያ ለዕድር ስጡት። በየቀበሌው ሰሌዳ መለጠፉም ሸጋ ነው፤ ግን ዝናቡ ያወርደዋል። ዕድር ጸሐፊ አለው፤ ጸሐፊው ማንበብ ይወዳል፤ ወሩ በገባ በተወሰነው ቀን ሰው ይሰበሰባል፣ ካልተሰበሰበም ይቀጣል። የእኛ ዕድር አንዴ ስለ ስኳር በሽታ የተጻፈ አንድ ወረቀት ተነቦለት፣ እስከ ዛሬ ለቅሶ ቤት ሻይ ሲቀዳ «ስኳሩን ለየብቻ» ይባላል። ይህን ያደረገው አንድ ገጽ ነው።

ይህን ያህል ከደፈርኩ የድርሻዬን ልናገር። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ዘንድሮው ምርቃት ድረስ፣ ሁለት ገጿን ይዞልኝ ለመጣ ተማሪ፣ ለአንድ ዕድር የሚበቃ ሃምሳ ቅጂ በነጻ አወጣለታለሁ። ወረቀቱም ቶነሩም በእኔ። በቀለም አልችልም፤ ጥቁርና ነጭ ብቻ። ካርታ ካለበት ቀዩን በነጠብጣብ ይተካው፣ እንዴት እንደሚሆን አሳየዋለሁ። ፍላሹን ቫይረስ አጽድቶ ይምጣ፤ ይህን ለመለመን ደብዳቤ አያስፈልግም ነበር፣ ግን ተመችቶኛል። የተበላሸ ወረቀትም ለቆሎ መስጠት አላቆምኩም። ጎረቤቴ ትቆጣለች። አሁን ግን ከመስጠቴ በፊት አንዴ አየዋለሁ።

ሰውየው ያን ቀን ሲወጣ ካርታዋን ጠረጴዛው ላይ ተወልኝ። «አንተ ዘንድ ትቀመጥ፣ ቀሪውን ስታገኝ አንድ ላይ ትሰጠኛለህ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ሰኞ ሰኞ ከገበያ ሲመለስ በበሩ ያልፋል። አይገባም። ቆም ብሎ ሰላም ይለኛል፤ እኔም ራሴን እነቀንቅለታለሁ፤ ይሄዳል።

ያን ጥናት የሠራኸው ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፣ ሙሉውን አልልህም። ምዕራፍ አምስትን ብቻ ላክልኝ። ካርታህ መሳቢያዬ ውስጥ ናት። ዘይቷ ደርቋል።

አክባሪያችሁ፣
የኮፒ ቤቱ ሰው
ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.